ወራጅ አለ

አዲስ አበባ ውስጥ ሐሳቡን ጥርት አድርጎ የሚናገር ማን ነው ብትሉኝ ፖለቲከኛ አልጠራላችሁም፤ ሰባኪም ጋዜጠኛም አልጠራላችሁም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አያት አደባባይ ሂዱና አንድ እግሩ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንድ እግሩ አየር ላይ የሆነውን የታክሲ ረዳት ስሙት። «መገናኛ! መገናኛ በሲኤምሲ! ሁለት ሰው የቀረው!» አለቀ። ወዴት እንደሚሄድ፣ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ለእናንተ ቦታ ይኑር አይኑር በአንድ ትንፋሽ ነገራችሁ። «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ በቅድሚያ እዚህ ፌርማታ ላይ በመገኘታችሁ የተሰማኝን ላቅ ያለ ደስታ» አላለም። የትራንስፖርት ዘርፉን ታሪካዊ ዳራም አላነሳም።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ቀድሞ የሚጮኸው ተሳፋሪው ቀድሞ ማወቅ የሚፈልገውን ነው። መገናኛ የማይሄድ ሰው የመጀመሪያዋን ቃል እንደሰማ ወደ ጉዳዩ ያልፋል፤ ጊዜው አልተበላም። የሚሄደው ደግሞ ቆም ብሎ የቀረውን ያዳምጣል። ስብሰባ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው እንደማይመለከተው የሚያውቀው ከምሳ በኋላ ነው።

አድማጭ መለየቱ ሌላ ጥበብ ነው። ያው ልጅ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ ለሚመለሱ እናት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ መገናኛ ነው፤ ከፊት ይግቡ» ይላል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ለሰካ ጎረምሳ ግን አይጮህም፤ ጩኸት እንደማይገባለት ያውቃል። በእጁ ወደ መገናኛ ይጠቁመዋል፣ ጎረምሳው በቅንድቡ ይመልሳል፣ ውሉ ተፈጸመ። ቦርሳ ይዘው ለሚያመነቱ ጎልማሳ ደግሞ «ጋሼ፣ የሞላ ነው፤ አሁን ነው የምንነሳው» ይላቸዋል። (ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ውሸት ነው። ግን ጥርት ያለ ውሸት ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ግልጽነት እንጂ ስለ ጽድቅ አይደለም።)

ወደ ድሮዎቹ ሰፈሮች፣ ወደ ኮተቤና ወደ የካ ሚካኤል ጠጋ ስትሉ ደግሞ የእድር ጥሩምባ ነፊ አለላችሁ። በኮንዶሚኒየሞቹ አብዛኛውን ሥራ ቴሌግራም ወስዶበታል እንጂ የሰውየው ችሎታ የሚናቅ አልነበረም። አስቡት፤ አድማጩ ገና ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ነው፣ ግማሹ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው፣ የቀረው ሽንት ቤት ነው። ጥሩምባው አንዴ ይነፋና ሰው ጆሮውን እስኪያቀና ዝም ይላል። ከዚያ የሞተው ማን እንደሆነ፣ የማን አባት ወይም የማን እህት እንደሆነ፣ ቀብሩ የት ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ይናገራል። ትንሽ ተራምዶ ያንኑ በዚያው ቅደም ተከተል ይደግማል፤ አንድም ቃል አይጨምርም። የጥሩምባ ነፊ ንግግር አወዛግቦት የሌላ ሰው ቀብር ላይ የተገኘ እድርተኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

«ልዋጭ!» እያለ የሚዞረውንስ? ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር ቆሞ፣ መኪና እየጮኸ፣ ጄኔሬተር እየጮኸ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና የምትወቅጥ ሴት አሮጌ ጫማዋን በፕላስቲክ ሳፋ መለወጥ እንደምትችል በአንዲት ቃል ያስረዳታል። መውቀጧን አቁማ በረንዳ ላይ ካልወጣች እሱ ዋጋ የለውም።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ካልተሰሙ ይከስራሉ። ረዳቱ ማታ ለባለ መኪናው የቀን ገቢ ያስረክባል፤ «መገናኛ» የምትለዋ ቃል ካልተሰማች ወንበሩ ባዶ ይሄዳል፣ ጉድለቱ የእሱ ነው። ጥሩምባ ነፊው ከተደናበረ ቀብሩ ላይ ሰው ይጎድላል፣ እድሩ ይጠይቀዋል። ጥርት ያለ ንግግር የሚወለደው ከዚህ ፍርሃት ነው እንጂ ከሥልጠና ማዕከል አይደለም የሚል እምነት አለኝ። ቢሮ ውስጥ የሚናገር ሰው ግን ተሰማም አልተሰማም፣ ገባንም አልገባንም፣ ደመወዙ በወሩ መጨረሻ ይገባል። የሚከስረው አድማጩ ነው።

እስቲ ወደ አዳራሹ እንግባ። የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ነው እንበል፤ የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ እናንተም ከሌላው ለይታችሁ አታውቁትም። ማይክራፎኑ «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» ተብሎ ይፈተሻል፤ ይጮሃል፣ ሰው ጆሮውን ይይዛል። ቀጥሎ ሰላምታ። ፕሮቶኮሉ እንደተጠበቀ ሆኖ የሚለው ሐረግ የተፈጠረው የሰላምታውን ዝርዝር ለማሳጠር ነበር፤ የእኛ ተናጋሪ ግን ፕሮቶኮሉን ይጠብቅና ከዚያ ደግሞ ዝርዝሩን ይጠራል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ስላይድ ይበራል። በላዩ ላይ ከጉንዳን ያነሱ ፊደላት ሰፍረውበታል። «ከኋላ ያላችሁ ይታያችኋል?» ይላል። «አይታይም!» እንላለን። «ችግር የለም፣ አነበዋለሁ።» ያነበዋል። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው፣ ጀርባውን ለእኛ፣ ፊቱን ለግድግዳው ሰጥቶ። ወደ ስድሳኛው ስላይድ ሲጠጋ ሰዓቱን ያያል፤ «በሰዓት እጥረት ምክንያት ይህን አልፈዋለሁ» ይላል። የታለፈው የበጀቱ ስላይድ ነው።

ስላይድ በራሱ አልበደለንም። ፓወርፖይንት በ1987 እ.ኤ.አ. በአንድ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ሲቀርብ፣ ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት በ14 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛው፣ ሐሳቡ ተናጋሪው የሚለውን በሥዕል ማገዝ ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ተናጋሪው የስላይዱ ረዳት ሆነ። ረዳት ካልኩ ደግሞ የአያት አደባባዩ ልጅ ይቀየመኛል።

ያለ ሥዕል ማስረዳት የማይቻል የሚመስለው ሰው የእግር ኳስ ጨዋታ አስተላላፊውን ደምሴ ዳምጤን ያስታውስ። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ስታዲየም ያልገባው ሕዝብ ጨዋታውን የተከታተለው በእሱ አንደበት ነው። ሬዲዮ ላይ የቀረው ሰው ኳሷ በማን እግር ሥር እንዳለች፣ በየትኛው መስመር እንደምትገፋ፣ መቼ መቀመጥ መቼ መነሳት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ስላይድ አልነበረውም። «በቀጣይ የሚታየው» አላለም።

ወደ አዳራሹ ልመለስ፤ በጣም የምወደው ክፍል የሻይ እረፍቱ ነው። ለሻይ ቡናው ብቻ አይደለም። ያው ሪፖርት አቅራቢ ኮሪደር ላይ ስልክ ሲያነሳ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። (ነውር ነው፤ ግን እሱም ድምፁን አይቀንስም።) «ሄሎ፣ አዎ። ሽንኩርት ሁለት ኪሎ ግዢ። ዘይት አለ፣ ትናንት አምጥቻለሁ። ልጁን አንቺ አውጪው፣ እኔ አመሻለሁ።» እንዴት ያለ ንግግር ነው! ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደቀረ፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በአራት ዓረፍተ ነገር ተከፋፈለ። ይህ ሰው መናገር አይችልም የሚለኝ ካለ አልቀበለውም። ስልኩን ዘግቶ ወደ አዳራሹ ገባና ማይኩን ያዘ፤ «የምግብ ግብዓቶችን ተደራሽ ከማድረግ አንጻር» ብሎ ጀመረ።

ምን ነካው በመንገድ ላይ? እኔ እንደሚመስለኝ አልጠፋውም፤ ደበቀው። ቤቱ ስልክ ሲደውል ነገሩ ካልገባ ማታ ሽንኩርት የለም። አዳራሹ ውስጥ ግን ነገሩ ከገባ ነው ጣጣው። «ለሦስት ወር ውሃ አላስገባንም» ብሎ የተናገረ ሰው «ማነው ያላስገባው?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። «ከውሃ አቅርቦት አኳያ ክፍተቶች የተስተዋሉበት ሁኔታ ነው ያለው» ያለ ሰው ግን በሰላም ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ክፍተቱን የከፈተው ሰው የለም፤ ራሱ ነው የተከፈተው። ያስተዋለውም ሰው የለም፤ ራሱ ነው የተስተዋለው። ውሃው ብቻ ነው በትክክል የሌለው።

የአማርኛችን ጠባይ ራሱ ለዚህ ተንኮል የተመቸ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ አዎንታውም አሉታውም እዚያው ጭራው ላይ ነው ያለው። አንድ ኃላፊ «የሠራተኛውን የኑሮ ጫና ከግምት ውስጥ በማስገባት፣ አገራዊ የኢኮኖሚ ሁኔታውን፣ የተቋሙን የመክፈል አቅምና ዓለም አቀፍ ተሞክሮዎችን በመቀመር፣ ከያዝነው ወር ጀምሮ የደመወዝ ጭማሪ እንዲደረግ...» ብሎ ውሃ ሊጠጣ ሲያቆም አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል። ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ባንክ የሚበደሩትን ማስላት ጀምረዋል። ብርጭቆውን አስቀምጦ «...የሚያስችል ጥናት የሚያጠና ኮሚቴ ለማቋቋም የሚያስችል አቅጣጫ ተቀምጧል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሮ የሚቆርጥ ተናጋሪ ይህን ጨዋታ መጫወት አይችልም፤ ለዚህ ነው የማያሳጥረው።

ሰምና ወርቅ የሚሉት ባህላችን ነው ብሎ የሚከራከረኝ ወዳጅ አለኝ። እኛ ነገር ሸፍነን መናገር እንወዳለን፣ ቅኔ የለመደ ሕዝብ ነን፣ ይለኛል። እሺ፤ ቅኔ ግን ሰሙን ስትገልጠው ወርቅ ታገኛለህ። ሪፖርቱን ስትገልጠው ሌላ ሰም ነው ያለው።

ይልቅ ከባህል ካነሳን በልሃ ልበልሃን እናንሳ። በድሮው ሙግት ባላጋራዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ ሸማቸውን አደግድገው፣ በተሰበሰበ ሰው መሐል ይከራከሩ ነበር። ሰውዬው የያዘው ሰነድ ላይሆን ይችላል፤ የያዘው አንደበቱን ነው። ርስቱ የሚጸናው ወይም የሚሄደው ሽማግሌዎቹና ዳኛው ነገሩን በተረዱት ልክ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረት የመጣው ከጨዋታ አይደለም፤ ስንቱ መሬቱን በተወላገደ ዓረፍተ ነገር አጥቷል። እንዲህ ያለ ሙግት ላይ ቆሞ «ከመሬት ይዞታ አንጻር ያሉ ተግዳሮቶችን በተመለከተ» የሚል ሰው በማግስቱ የሚያርሰው አይኖረውም ነበር።

የስብሰባ ጥሪ አጻጻፍም ከየት መማር እንዳለብን ልንገራችሁ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ያስነገሩትን የክተት አዋጅ ፈልጋችሁ አንብቡት። አጭር ነው። ለምን እንደተጠራ ይነግርሃል፤ ጠላት ባሕር አልፎ መጥቷል። ማን እንደተጠራ ይነግርሃል፤ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው በሐዘኑ። የሚቀር ሰው ምን እንደሚደርስበት ይነግርሃል፤ እዚያ ላይ ንጉሡ ምንም አላለሳለሱም። በመጨረሻም የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ ከትቶ እንዲገኝ ይላል። ጉዳይ፣ ተሳታፊ፣ ቀን፣ ቦታ። የሰማው አብዛኛው ሰው ማንበብ አይችልም ነበር፤ በነጋሪት ተነግሮት፣ ከአፍ ወደ አፍ አልፎ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ተሻግሮ ሳይበላሽ ደረሰ። አጭር ነገር ሲያልፍ አይሰበርም። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቶ ነበር።

ያንን አዋጅ ለእኛ ቢሮ ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ «ወረራን ከመከላከል አንጻር ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት ለመሥራት የሚያስችል የጋራ መግባቢያ መድረክ» ይል ነበር። ጥቅምት እኩሌታ ላይ ገና ባለድርሻ አካላት እነማን ናቸው በሚለው ላይ እንከራከር ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን፣ የማይገባን ንግግር ሁሉ ተንኮል አይደለም። አንዳንዱ ሰው በቅንነት ነው የሚጨልምብን። በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች የዶክትሬት ተማሪ አንድ ሙከራ ሠርታ ነበር። ግማሾቹን ሰዎች አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ እንዲመቱ አደረገች፤ ግማሾቹ ዘፈኑ የቱ እንደሆነ እንዲገምቱ። መቺዎቹ አድማጮቻችን ከሁለት አንዱን ያውቁታል ብለው ነበር። ከ120 ዘፈን የታወቀው 3 ነው። መቺው በጆሮው ውስጥ ዜማው፣ ግጥሙ፣ ከበሮው ይሰማዋል፤ አድማጩ የሚሰማው ኳ ኳ ብቻ ነው። ቤታችሁ ሞክሩት፤ ባልና ሚስት ባትሆኑ ይመረጣል፣ ሊያጣላ ይችላል። ሃያ ዓመት ሒሳብ ላይ የሠራ ሰው ስለ ሒሳብ ሲያስረዳን ዜማው ለእሱ ይሰማዋል፤ እኛ ኳኳታውን ይዘን ወደ ቤት እንሄዳለን። ባስ ሲል ደግሞ «ኢሹውን አድሬስ ካላደረግነው ቻሌንጅ ነው» ይለናል፤ ኳኳታውም የውጭ አገር ይሆናል።

አድማጩም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ትንሽ ቢያደናግር አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ይነሳበታል። «በየት በኩል ነው?» «ስንት ነው?» «እስከ የት ነው?» «ቅድም ሌላ ነበር ያልከው!» ሰው ብሩን ይዞ ነው የሚያዳምጠው፤ ስለዚህ አይፈራም። አዳራሽ ውስጥ ግን «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ኮርኒስ እናያለን። አንዱ አላዋቂ እባላለሁ ብሎ ነው፣ ሌላው አለቃውን ላለማሳፈር ይሉኝታ ይዞት ነው፣ ሦስተኛው ምሳው ደርሷል። «ግልጽ ነው?» ሲባል «ግልጽ ነው!» እንላለን፣ በኅብረት፣ እንደ ዝማሬ። ኮሪደር ላይ ስንወጣ ጓደኛችንን እንይዛለን፤ «ምን አለ ግን?»

እጁን የሚያወጣም አይጠፋም፤ እሱ ግን ጥያቄ የለውም፣ ንግግር አለው። «ሁለት ነገር ብቻ ነው የማነሳው» ይላል፤ ስምንት ያነሳል። «ከእኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት» ብሎ እነሱ ያሉትን ይደግማል፣ «ለማጠናከር ያህል» ብሎ ራሱ ያለውን ይደግማል። ቀጥሎ «እንደ አገር»፣ «እንደ ተቋም»፣ «እንደ ቡድን» እያለ ይወርዳል፤ እንደ ሰው ብቻ አይናገርም።

ከአዳራሹ ስንወጣ እኔ ወደ አያት ነኝ። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አያት የምሥራቁ ጫፍ ሆነች፤ ከጦር ኃይሎች ተነስቶ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 22 ጣቢያ አልፎ እዚህ ያበቃል። የጣቢያዎቹን ስም በመስኮት እያነበብኩ ስመጣ ደስ ይለኛል። ልደታ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሐር፣ ሃያ ሁለት፣ መገናኛ፣ ጉርድ ሾላ፣ መሪ። ሰፈርተኛው ያወጣው ስም ነው፤ አፍ ላይ አይከብድም፣ ለማያውቀው ሰው በስልክ ሊነገር ይችላል። ሲቪል ሰርቪስ የሚል ጣቢያም አለ፣ ሥራ አመራር የሚልም አለ፤ እነሱ እንኳ ባቡሩ ዘንድ ሲደርሱ ስማቸውን አሳጥረዋል። ስብሰባ ላይ ተሰይማ ቢሆን ኖሮ አያት «የምሥራቅ ኮሪደር የመንገደኞች መሳፈሪያና መውረጃ ማዕከል ቁጥር 1» ተብላ ስሙ እስኪነበብ በሩ ይዘጋ ነበር። ለሚ ኩራ የእኛን ሰፈር ይዞ፣ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ከየካና ከቦሌ ተቆርጦ ሲወጣ፣ ወረቀታችን የትኛው ጋ እንደሄደ ለማወቅ ስንቱን መስኮት አንኳኳን። «የት ነው ሰፈርህ?» ስንባል ግን መልሱ አንድ ነው፤ አያት።

ባቡር ያጣሁ ቀን ታክሲ ነው የምይዘው፤ እዚያም ሌላው የቋንቋችን ቅርስ ይጠብቀኛል። «ወራጅ አለ!» ሁለት ቃል። ማን እንደሚወርድ አልተባለም፣ አያስፈልግም፤ ሾፌሩ ይቆማል፣ ረዳቱ በር ይከፍታል፣ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ጉልበቱን ይሰበስባል። ሦስት ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሥራውን አወቀ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የእኛ ሪፖርት አቅራቢ ተቀምጦ በቢሮ አማርኛ ለመውረድ ቢሞክር ብዬ አስባለሁ። «በቅድሚያ ዕድሉ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ። ከመውረድ አንጻር፣ በቀጣዩ ፌርማታ ላይ የመውረድ ፍላጎት የታየበት ሁኔታ መኖሩን እያነሳሁ፣ ሾፌሩም እንደ ባለድርሻ አካል የበኩሉን ሚና እንዲወጣ...» ማሰሪያ አንቀጹ ሲደርስ ታፎ ገብቷል።

በተቃራኒው ረዳቱን ወስደን ሪፖርቱን እንዲያቀርብ ብናደርገውስ? «አሥር መንገድ ያቀድን! አራት ያለቀ! ስድስት የቀረው! ብሩ ያለቀ!» ብሎ ይወርዳል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ችግሩ ቀጥሎ ነው፤ ሁላችንም ስለገባን ሁላችንም እንጠይቃለን፤ ብሩ ሲያልቅ ስድስቱ ለምን ቀረ? ለዚህ ነው ረዳቱን የማይቀጥሩት።

እንግዲህ መሥሪያ ቤት ሁሉ ነገ ተነስቶ እንደ አያት አደባባይ ይናገር የሚል ተስፋ የለኝም። ግን በጣም ትንሿን ነገር፣ የስብሰባ ጥሪዋን፣ ማስተካከል አያቅተንም። «ስብሰባው 12/2/2018 በ3:00 በተለመደው አዳራሽ ይካሄዳል» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። 3:00 በእኛ ሰዓት ከሆነ ጠዋት ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ 9 ሰዓት ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ግማሹ ሠራተኛ ጠዋት መጥቶ ጠብቆ ሄደ፣ ግማሹ ከሰዓት መጥቶ ባዶ አዳራሽ አገኘ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቀኑም ቢሆን በእኛ ከቆጠርነው ጥቅምት 12 ነው፤ በፈረንጅ ከቆጠርነው ስብሰባው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። «የተለመደው አዳራሽ» ደግሞ ባለፈው ሰኞ ለተቀጠረችው ልጅ ገና አልተለመደም።

ስለዚህ ጥሪ የምትጽፉ ወገኖቼ፣ ብዙ አንጠይቃችሁም። ለምን እንደተጠራን በመጀመሪያው መስመር ጻፉልን። ወሩን በስሙ ጥሩት። ሰዓቱን «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» በሉ፤ በማን አቆጣጠር እንደሆነም ጨምሩ። አዳራሹ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ ንገሩን። የማይመለከታቸውን ሰዎች አትጥሩ። የሚያልቅበትንም ሰዓት ጻፉ፤ አያት የሚገባ ሰው ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያወጣበት ሰዓት አለው።